በገዛ እጃችን የወገርነው ነፃነት

የ15ኛውን መቶ ክፍለ ዘመን ታሪካችንን በገለጥኩ ቁጥር አንድ ቦታ ስደርስ አንጀቴ ያርራል። ቦታው የንጉሥ ችሎት ነው። በአንድ ወገን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ፣ በሌላው ወገን ከትግራይ ተከሰው የመጡ አባ እስጢፋኖስ የሚባሉ መነኩሴ አሉ። ሁለቱም በአንድ ሥላሴ ያምናሉ፤ አንድ ወንጌል ይሳለማሉ፤ አንድ ጾም ይጾማሉ። መነኩሴው እንደ ደንቡ ለንጉሡ እንዲሰግዱ ሲታዘዙ አልሰገዱም። ስግደት የሚገባው ለአብ፣ ለወልድና ለመንፈስ ቅዱስ ብቻ ነው ብለው ቀጥ ብለው ቆሙ። በምድራዊ ነገር ለንጉሥ መታዘዝን አልካዱም፤ በእምነታቸው ላይ ግን ንጉሥ እንዲያዝበት አልፈቀዱም።

ይህ የሆነው «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» በሚባልበት አገር ነው። ማርቲን ሉተር ገና አልተወለደም። ፈረንሳዮች የሰውን ልጅ መብት እስኪያውጁ ከ300 ዓመት በላይ ይቀራል። ዛሬ ከባሕር ማዶ መጻሕፍት ተርጉመን የምንማረው የኅሊና ነፃነት ያኔ ቆብ ደፍቶ፣ በግእዝ እየተከራከረ በእኛው አደባባይ ቆሞ ነበር። ቆሞ ነበር! እኛ ግን በገዛ እጃችን ወገርነው።

አባ እስጢፋኖስና ደቀ መዛሙርታቸው፣ በታሪክ ደቂቀ እስጢፋኖስ የምንላቸው፣ ከቤተ መንግሥት ምንም የማይሹ ሰዎች ነበሩ። ከንጉሥ ጉልት አይቀበሉም። በእጃቸው አርሰው፣ ብራና ፍቀው፣ መጽሐፍ ጽፈው ያድራሉ። ያላቸውን በጋራ ይመገባሉ። በመካከላቸው ሴቶች መነኮሳትም ነበሩ፤ መከራው ሲመጣ እነሱም አብረው ተቀብለውታል። የነፃነታቸው ምንጭ እዚህ ላይ ይታየኛል። ርስት የሌለውን ሰው ምን ይነጥቁታል? ጉልት ያልበላ መነኩሴ በማን ውለታ አፉን ይይዛል? በምንኩስናው ቀን የሙታን ጸሎት ተደግሞለት፣ ለዓለም ሞቻለሁ ብሎ ቆብ የጫነ ሰው ንጉሥ በሞት ሲያስፈራራው የሚሰማው የከረመ ወሬ ነው። እንዲህ ያለውን ነፃነት የሰጣቸው ሃይማኖታቸው እንጂ ሌላ ማንም አልነበረም።

ድፍረቱም ድንገት ዱብ ያለ አልነበረም። ከዚያ 100 ዓመት ቀደም ብሎ አፄ ዓምደ ጽዮን የአባቱን ሚስት አገባ በተባለ ጊዜ አቡነ አኖሬዎስንና የደብረ ሊባኖሱን አቡነ ፊልጶስን የመሳሰሉ አባቶች ፊት ለፊት ገሥጸውታል። ተገረፉ፣ ተጋዙ፤ ቃላቸውን ግን አላጠፉም። እንግዲህ ቤተ ክርስቲያናችን ንጉሥ የምትቀባ ብቻ ሳትሆን ንጉሥ የምትገሥጽም ነበረች። ሁለቱም ችሎታ በእጇ ነበር። አንደኛውን አሳድጋ ሌላኛውን ስታስቀብር ማየት ነው የሚያስቆጨኝ።

ዘርዓ ያዕቆብን ማሳነስ አልሻም። እ.ኤ.አ. ከ1434 እስከ 1468 የነገሠው ይህ ሰው ሊቅ ነበር፤ መጽሐፈ ብርሃንና መጽሐፈ ሚላድ በስሙ ይጠራሉ። 33ቱ የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ሥርዓት የሠራ እሱ ነው። ወጣትነቱን ያሳለፈው የንጉሥ ዘሮች በሚታሰሩባት በአምባ ግሼን ነውና እስር ምን እንደሆነ አሳምሮ ያውቃል። ከአምባው ወርዶ ዙፋን ላይ ሲወጣ ግን እስሩን ወደ ሰው ልብ አወረደው። ሕዝቡ በግንባሩ የሥላሴን ስም፣ በእጁ ደግሞ ዲያብሎስን የሚክድ ቃል እንዲጽፍ አዘዘ። ደስክና ዲኖ የሚባሉ ጣዖታት ያመልካል ተብሎ የተጠቆመ ሁሉ መከራውን ያይ ጀመር። ጥቆማው የገዛ ልጆቹን ደጅ ሲያንኳኳም አልራራም፤ ወንዶቹንም ሴቶቹንም አስገረፈ፣ ሞቱበትም። የራሱ ዜና መዋዕል እንደሚነግረን ያደረሰባቸውን ሥቃይ ሕዝቡ እንዲያየው አደረገ፤ ሕዝቡም አለቀሰ። የተከታዩ ንጉሥ የበእደ ማርያም እናት ጽዮን ሞገሳም ተገርፋ በዚያው ጠንቅ ሞተች።

ይህ ሁሉ ግፍ የተሠራው በእግዚአብሔር ስም ነው። ሰውዬው አስመሳይ ቢሆን ኖሮ ነገሩ በቀለለኝ። ግን ከልቡ ያምን ነበር። ከልቡ ሲያምን ደግሞ የሱን እምነት ያልተከተለ ሁሉ የእግዚአብሔር ጠላት መሰለው። አባ እስጢፋኖስን አንገታቸውን ቀና ያስደረጋቸው ሃይማኖት በንጉሡ እጅ ሲገባ ጅራፍ ሆነ።

ቁጭቴን የሚያባብሰው ግን ሌላ ነው። ይህ ንጉሥ መታረቅን ያውቅበት ነበር።

የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ደቀ መዛሙርት፣ የደቂቀ ኤዎስጣቴዎስን ነገር እንይ። ቀዳሚት ሰንበትን እንደ እሑድ እናከብራለን በማለታቸው ለ100 ዓመት ያህል ተገፍተዋል። አቡነ ኤዎስጣቴዎስ አገር ጥለው ተሰደው እ.ኤ.አ. በ1352 በአርመን ምድር ዐርፈዋል። የደብረ ቢዘኑ አቡነ ፊልጶስ በ1400 ታስረው የተፈቱት ከ4 ዓመት በኋላ በአፄ ዳዊት ትእዛዝ ነው። ተከታዮቻቸው ክህነት ከጳጳሱ ሳይቀበሉ፣ እንደ ባዕድ እየታዩ ኖሩ። በ1450 ግን ዘርዓ ያዕቆብ በሸዋ፣ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ጠራ። ከግብፅ የመጡት ጳጳሳት አቡነ ሚካኤልና አቡነ ገብርኤል ተቀመጡ። ተከራከሩ፣ ተደማመጡ፤ ቅዳሜም እሑድም እንዲከበሩ ተስማሙ። ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስም ክህነት ሊቀበሉ ተመለሱ። ያን ያህል ዘመን የቆየ ቂም በአንድ ጉባኤ ረገበ። በጅራፍ ያልተፈታው ነገር በቃል ተፈታ። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስላልተዋጋ መንግሥቱ ጠነከረ እንጂ አልተናጋም።

ታዲያ ምነው? ምነው ያንኑ ወንበር ለደቂቀ እስጢፋኖስ ባዘጋጀላቸው? መልሱን ሳስበው ይበልጥ ይከነክነኛል። የቅዳሜ ሰንበት ዙፋኑን አይነካም፤ እንዲያውም ደቂቀ ኤዎስጣቴዎስ የሚበዙበትን ሰሜኑን ከቤተ መንግሥቱ ጋር ያስተሳስራል። የስግደት ጥያቄ ግን በቀጥታ ዙፋኑን ይነካል። ለንጉሥ በሚጠቅመው ላይ ሃይማኖት ሰፊ ሆነ፤ ንጉሥን በሚገድበው ላይ ጠበበ። ጉዳዩ የሃይማኖት ክርክር ተብሎ ተመዘገበ እንጂ ሥሩ የሥልጣን ጥያቄ ነበር። ዛሬም ድረስ አብዛኛው የሃይማኖት ጠባችን ከዚያ ሥር ይበቅላል።

አባ እስጢፋኖስ ተገርፈው፣ ታስረው፣ በግዞት ሳሉ ሞቱ። ደቀ መዛሙርታቸው ደግሞ አፍንጫቸውና ምላሳቸው ተቆረጠ። በመጨረሻ በድንጋይ ተወገሩ። በተአምረ ማርያም እንደተጻፈው የተወገሩት የካቲት 2 ቀን ነው፤ ከ38 ቀን በኋላ፣ መጋቢት 10 በመስቀል በዓል፣ በሰማይ ብርሃን ታየ። ንጉሡ ብርሃኑን እግዚአብሔር ሥራዬን ወደደልኝ ብሎ ተረጎመው፤ በቦታውም ቤተ ክርስቲያን ሠርቶ ከተማ ቆረቆረ። ደብረ ብርሃን ይህች ናት። ዛሬ በመኪና የምናልፍባት፣ ብርድ ልብስ የምንገዛባት፣ ብርዷን የምናማት ከተማ። ስንቶቻችን ነን በዚያ ሜዳ ላይ ለኅሊናቸው ሲሉ የተወገሩ መነኮሳት ደም እንደፈሰሰ የምናውቅ?

የማናውቀውም በምክንያት ነው። ከሁለቱ ወገኖች የንጉሡ ቃል በየቤተ ክርስቲያኑ ገባ፤ የተወገሩት ቃል በአንድ ገዳም ተዘጋበት። ተአምረ ማርያም ሲነበብ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ቆሞ ያዳምጣል። እናቶች እጃቸውን ዘርግተው፣ ስሟ በተጠራ ቁጥር አንገታቸውን ዝቅ እያደረጉ ይሰማሉ። እኔም በእመቤታችን ፍቅር ያደግሁ ነኝና የዚያን ሰዓት ጣዕም ማንም አያስረዳኝም። በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ደቂቀ እስጢፋኖስ «ጸረ ማርያም» ተብለው ተቀምጠዋል። በራሳቸው ገድል ሲታይ ግን ክርክሩ የስግደት ክርክር ነው። ኋላም እነሱ ባቀኑት ገዳም የተሣሉት ብራናዎች የእመቤታችንን ሥዕል ልጇን እንደታቀፈች ይዘዋል። የእናት ፍቅር ምን ያህል ንጹሕ ነገር ነው! እሱን ወስዶ የሰው ምላስ መቁረጫ ምክንያት ማድረግ ለእኔ ከግድያው የማይተናነስ በደል ነው።

የተረፉት ወደ አጋሜ ሸሹ። ጉንዳ ጉንዶ የሚባለው ገዳማቸው ከገደል ሥር፣ በእግር ብቻ በሚደረስበት ጥልቅ ሸለቆ ውስጥ ነው። እዚያ ተቀምጠው ምን ሠሩ? ሠራዊት አላደራጁም፤ ብራና ፋቁ። ከ200 በላይ የብራና መጻሕፍት ያከማቸ ቤተ መጻሕፍት አፈሩ። የጉንዳ ጉንዶ ጽሑፍና ሥዕል የራሱ መልክ አለው፤ የብራና ጥናት የሚያውቅ ሰው ከሩቅ ይለየዋል። ከጊዜ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኒቱ ጋር ታረቁ፤ ገዳሙም እስከ ዛሬ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ገዳም ነው። ልብ ይበሉ፤ ሰዎቹ ከቤቱ ሊወጡ አልፈለጉም ነበር። ቤቱ ሊያስቀራቸው ይችል ነበር። ምላሳቸው ሳይቆረጥ ቢቀሩ ኖሮ የሚያስተምሩት፣ የሚጽፉት፣ የሚገሥጹት ስንት ነበር?

ቃላቸውን ከሸለቆው አውጥተው በአማርኛ ያደረሱን ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። ገድሎቻቸውን ከግእዝ ተርጉመው «ደቂቀ እስጢፋኖስ፡ በሕግ አምላክ» በሚል ርእስ በ1996 ዓ.ም. አሳተሙልን። የተርጓሚው የራሳቸው ሕይወትም ከዚሁ ታሪክ አይርቅም። በ1968 ዓ.ም. የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት መትተዋቸው ከዚያ ወዲህ በተሽከርካሪ ወንበር ኖረዋል። በስደት አሜሪካ፣ ሚኔሶታ ተቀምጠው ያገራቸውን ብራና ሲያገላብጡ አርጅተው በ2013 ዓ.ም. ዐረፉ። በንጉሥ የተወገሩትን ሰዎች ድምፅ ያሰማን በመንግሥት የተተኮሰበት ሰው ነው። ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶም አልተማርንም ማለት ነው።

አለመማራችን ያስከፈለንን ዋጋ እንቁጠር። እ.ኤ.አ. በ1622 አፄ ሱስንዮስ ካቶሊክ መሆኑን በይፋ ገለጠ፤ አንድ ንጉሥ አገሩን በሙሉ ሃይማኖት በአዋጅ ሊያስቀይር ተነሣ። ያ ስግደትን በትእዛዝ የማድረግ ልማድ ባይኖር ኖሮ የንጉሥ እምነት የንጉሥ ሆኖ ይቀር ነበር። ገበሬው ለአባቶቹ ሃይማኖት ተነሣ፤ በ1632 በአንድ ውጊያ ብቻ ሺዎች አለቁ። ሱስንዮስም ሃይማኖታችሁን መልሼላችኋለሁ ብሎ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲለደስ ለቀቀ። ወይ ጊዜ! ሕዝቡ በደሙ የገዛው ትምህርት ግልጽ ነበር፤ ንጉሥ በእምነት ላይ አይዘዝ የሚል። ፋሲለደስ ግን ትምህርቱን በግማሽ ወሰደው። የተዋሕዶን ነፃነት መለሰ፤ ካቶሊክ ሆነው የቀሩትን አሳደደ፣ ሚስዮናውያን ሰቀለ። ነፃነት ለእኛ ሲሆን መብት፣ ለሌላው ሲሆን ክህደት ሆኖ ተቆጠረ።

እ.ኤ.አ. በ1878 ደግሞ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በወሎ፣ በቦሩ ሜዳ ጉባኤ አደረጉ። እዚህም ዕድሉ ነበር። አገሪቱ ከዘመነ መሳፍንት የወጣችበት፣ ምኒልክ ለዮሐንስ የገቡበት፣ ሁሉም ሰው ሰላም የጠማው ጊዜ ነበር። ከክርስቲያኖቹ መካከል ስለ ክርስቶስ ልደት የተለየ ትምህርት የያዙት የጸጋ ወገኖች ተረቱና አፋቸው ተዘጋ። የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ታዘዙ፤ ትልልቆቹ ባላባቶች መሐመድ ዓሊ ራስ ሚካኤል፣ አባ ዋጠው ኃይለ ማርያም ተባሉ። እምቢ ያለው ሕዝብ ተሰደደ፣ ተዋጋ። ሼህ ጠልሃ ቢን ጃዕፈር ተቃውሞውን መሩ። ደብረ ምጥማቅ ላይ በቃል የተፈታውን ያህል ቦሩ ሜዳ ላይም ሊፈታ ይችል ነበር። በእስልምናውም በኩል ለኅሊናቸው ሲሉ የተሰደዱት ሰዎች ለእኔ የአባ እስጢፋኖስ ወንድሞች ናቸው፤ እነሱም ቢሆኑ ከፈጣሪያቸው በቀር ለማንም እንደማይሰገድ ያውቁ ነበርና።

በ1948 ዓ.ም.ቱ ሕገ መንግሥት ቤተ ክርስቲያኒቱ የመንግሥት ሃይማኖት መሆኗ በአንቀጽ 126 ተጻፈ። ብዙ ሰው ክብር መስሎት ነበር። ክብሩ ግን ከዙፋኑ ጋር የታሰረ ገመድ ነበር፤ ዙፋኑ ሲወድቅ ጎትቶ ጣላት። ከመውደቁ ጥቂት ወራት በፊት፣ ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሙስሊሞች ለሃይማኖት እኩልነት ሰልፍ ወጡ፤ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ወጡ። በታሪካችን ውስጥ እንደዚያ ቀን የሚያስቀናኝ ቀን ጥቂት ነው። አንዱ ለሌላው የእምነት ነፃነት በእግሩ የመሰከረበት ቀን ነበር። ደርግ የሙስሊም በዓላትን አጸደቀ፤ ጥሩ አደረገ። ወዲያው ግን የሁሉንም አንገት ያዘ። በ1968 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስን ከመንበራቸው አውርዶ አሰረ። በ1971 ዓ.ም. እሳቸውንም፣ የመካነ ኢየሱስን ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳንም ገደለ። ዘርዓ ያዕቆብ ስገዱልኝ ያለው በሥላሴ ስም ነበር፤ ደርግ ደግሞ በአብዮት ስም ጠየቀ። አልሰግድም ያሉት በሁለቱም ዘመን በሕይወታቸው ከፈሉ።

አሁን ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 27 የእምነትን ነፃነት ያውጃል። ወረቀቱ መልካም ነው። ልባችን ግን ገና ቤተ መንግሥት ደጅ ቆሟል። በትግራዩ ጦርነት ወቅት ከየእምነት ቤቱ ምን ሰማን? ወንድም ወንድሙን እንዳይገድል ፊት ለፊት ቆሞ የገሠጸ ስንት ነበር? ፓትርያርኩ አቡነ ማትያስ ራሳቸው እንዳልናገር ታፈንኩ ብለው በቪዲዮ መልእክት ሲያሰሙ ሰምተናል። የትግራይ አባቶች ዝምታው ቆርጧቸው የራሳቸውን መዋቅር አቋቋሙ። በ2015 ዓ.ም. ሐምሌ የቤተ ክርስቲያኒቱ ልዑክ ይቅርታ ይዞ መቀሌ ሲሄድ ጊዜው ረፍዶ ነበር። በዚያ ጨለማ ሰዓት አንድ አኖሬዎስ፣ አንድ እስጢፋኖስ ምን ያህል ባስፈለገን! እንደነሱ ያለ ሰው የሚበቅልበትን ማሳ ግን ከ500 ዓመት በፊት ጀምረን ስናራቁት ኖረናል። ንጉሥን የሚገሥጽ መነኩሴ ከሃዲ ተብሎ ሲነበብለት ያደገ ትውልድ ገሣጭ ከየት ያመጣል?

ሃይማኖትን ነፃነት ነው ወይስ ጭቆና ብለው ለሚጠይቁኝ መልሴ ያ ችሎት ነው። በዚያ ሁለቱም በአንድ ጊዜ ነበሩ። ሰው በገዛ ፈቃዱ ለፈጣሪው ሲሰግድ በምድር ላይ የሚያስፈራው ነገር ይጠፋል። ያንኑ ስግደት በዱላ ሲያስገድዱት ግን ሰውነቱ ይጠፋል። ድንበሩ ይኸው ብቻ ነው። ሊቅ መሆን አይጠይቅም፤ ዘርዓ ያዕቆብ ሊቅ ሆኖም ሳተው። ጉንዳ ጉንዶ ያሉት ብራና ፋቂዎች አልሳቱትም።

ስለዚህ አባቶቻችን ደቂቀ እስጢፋኖስን በጉባኤ ያንሷቸው። በደብረ ምጥማቅ መታረቅ የቻለች ቤተ ክርስቲያን ስማቸውን በይፋ ማጥራት አያቅታትም። ገድላቸው በመንፈሳዊ ኮሌጆች ይነበብ። ትምህርት ቤት ዘርዓ ያዕቆብን ሲያስተምር እስጢፋኖስንም ያስተምር፤ ቦሩ ሜዳን ሲያነሣ ሼህ ጠልሃንም ያንሣ። የሙስሊሙም፣ የፕሮቴስታንቱም፣ የካቶሊኩም ሰባኪ በገዛ ቤቱ ለኅሊናቸው ሲሉ የተገፉትን ፈልጎ ይዘክር፤ ያልተገፋበት ቤት የለምና። ይህን ለማድረግ ንጉሥ አያስፈልግም፤ አዋጅም አያስፈልግም። ዛሬም እንደ ትናንቱ ካለፈን ግን ነገሩ «ነበር» እያልን እኛ በመቆጨታችን ብቻ አያበቃም፤ ልጆቻችን በእኛ ይቆጫሉ፤ ያኔ መልስ የምንሰጥበት አፍ አይኖረንም።